ትኩሳት የለመንኩ ዕለት

ባለቤቴን አምስት ሳምንት ሲያነዳት የከረመውን ትኩሳት ለስፔሻሊስት ላሳይ ደሴ ድረስ ይዣት ሄድኩና፣ በሩ ጋ ሳንደርስ ትኩሳቱን በገዛ እጄ አጠፋሁት።

መካነ ሰላም ከተማ ያለው ወጣቱ ሐኪም ወባ ነው ብሎ መረመራት፣ የለም። ለታይፎይድ መድኃኒት ሰጣት፤ ትኩሳቱ ሁለት ቀን ጠፍቶ በሦስተኛው መጣ። ጎረቤት «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ጨመቀላት፤ እሱም የአቅሙን ሞከረ። እሷ ግን እያነሰች ሄደች፤ መቀነቷ አንድ ዙር ጨምሮ ይጠመጠም ጀመር። በመጨረሻ ሐኪሙ የሪፈር ወረቀት ጽፎ፣ «አባቴ፣ እኔ የማውቀውን ጨርሻለሁ። ከእኔ የሚበልጥ ሰው ይያቸው» አለኝ። አላውቅም የሚል ሐኪም አይቼ ስለማላውቅ ወደድኩት። ፈራሁም።

በኛ አገር ትልቅ ሰው ፊት የሚቀረበው አምሮ ነው። እሷ አዲሱን ቀሚሷን ለበሰች። እኔ ደግሞ ስፔሻሊስት ፊት እየተንቀጠቀጠች አትቀርብም ብዬ፣ ደሴ እንደገባን ሁለት የትኩሳት ኪኒን አስዋጥኳት። ተራችን ሲደርስ ፊቷ ጥርት፣ ላቧ ድርቅ ብሎ ሙሽራ መስላለች። በብልሃቴ ኮራሁ።

ስፔሻሊስቷ ልጄ የምትሆን ሴት ናት። መለኪያውን ከባለቤቴ ብብት አውጥታ አየችና፣ «እማማ፣ ትኩሳት የለዎትም እኮ» አለች።

«እሱን ጠይቂው» አለች ባለቤቴ።

ተናዘዝኩ። «ለክብርሽ ብዬ ነው፣ ልጄ።»

«ክብሬ ይቅርብኝና ትኩሳቱን ይመልሱልኝ!» ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «ደማቸውን ትኩሳቱ ሲነሳ ነው የምፈልገው። ውጭ ይጠብቁ። ሌላ ኪኒን እንዳይሰጧቸው! ሲጀምራቸው ያንኳኩ» አለችኝ።

አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። አርባ ዓመት ሙሉ ክፉ አይንካት እያልኩ ዱዓ ያደረግኩላትን ሴት፣ ያን ቀን ትኩሳት ስለምንላት ዋልኩ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምንድን ነው የምታጉተመትመው?»

«ትኩሳትሽን እየለመንኩ።»

«ታዲያ መጠኑን ተናገር። አንተ ነገር ታበዛለህ።»

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ጣቶቿ እጄ ውስጥ ቀዘቀዙ። ከዚያ ጥርሷ መንቀጫቀጭ ጀመረ። ለምኜ ያመጣሁትን መልሰህ ውሰደው ማለት አማረኝ። ተነስቼ ወደ በሩ ሮጥኩ፤ መሮጥ ከተባለ። በሩ ላይ አንዲት የወግዲ ሴት ከዓረብ አገር ታማ የተመለሰች ልጇን ደግፋ ልትገባ ነው። ከጠዋት ጀምሮ አጠገባችን ተቀምጠው የጠበቁት ተራ ነው። እኔ ነገር የማበዛው ሰውዬ በእጄ ወደ ባለቤቴ ብቻ አመለከትኩ። ሴትየዋ አየቻትና ልጇን ወደ ኋላ ሳብ አደረገች።

«ግቡ፣ ግቡ! የኛው የትም አይሄድም፤ የናንተው ያመልጣል።»

ደሙ ተወሰደ። ከዚያ ስፔሻሊስቷ፣ «ከብት አላችሁ? በቅርቡ የጨነገፈች ላም ነበረች?» ብላ ጠየቀች። ነበረች። ጭንጋፉን በባዶ እጇ ስባ ያወጣችው ባለቤቴ ናት፤ እኔ ወገቤን ይዤ ቆሜ አዝ ነበር። ለመካነ ሰላሙ ሐኪም አልነገርኩትም። የላም ገመና ለሰው ሐኪም ይነገራል እንዴ?

በኋላ የደሙ ውጤት ሲመጣ፣ ከከብት በጭንጋፍም በጥሬ ወተትም የሚተላለፍ በሽታ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቱ ሳምንታት ቢፈጅም የሚድን ነው ተባልን፤ አልሐምዱሊላህ፣ ዳነችም። አሁን ወተት ሳይፈላ አፌ ጋ ካደረስኩ ቁጣዋ ከትኩሳቷ ይብሳል።

የዚያን ዕለት ግን እኛ ስንወጣ ሰዓቱ ተገባደደ፤ ወግዲዎቹ ነገ ተመለሱ ተባሉ። ይቅርታ ልጠይቅ ቀና ስል ሴትየዋ ቀደመችኝ። «አብሽሩ፣ አባቴ» ብላ ስልኳን አስጻፈችኝ። «ሲሻላቸው ደውለው ይንገሩኝ፤ ይበቃኛል።»

አልደወልኩም። የኔዋ ዳነች ካልኩ፣ ያንቺዋስ ማለት አለብኝ። መልሱን እፈራለሁ። ባለቤቴ በየጊዜው «ደወልክ?» ትለኛለች፤ «ኔትወርክ የለም» እላታለሁ። ዛሬ ኔትወርኩ ሙሉ ነው። የዚያች ሴት የአንድ ስልክ ዕዳ አሁንም አለብኝ።