ሳልበይደው የተውኩት ሽቦ

ሐዋሳ ውስጥ ብዙ ቴሌቪዥንና ቴፕ ጠግኛለሁ። ሆን ብዬ ያበላሸሁት ሥራ ግን አንድ ብቻ ነው። ሚሊኒየሙ በተከበረ በዓመቱ ገደማ ነበር። ሽቦ በቀጠልኩ ቁጥር ትዝ እያለኝ ስለተቸገርኩ ዛሬ ልናዘዝ።

ያኔ ከደብረ ብርሃን ከመጣሁ አራት ወሬ ነው። እዚሁ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን እኖራለሁ። ስልኬ የሚጮኸው የሰው ቴሌቪዥን ሲበላሽ ብቻ ነበር። እሁድማ ጭራሽ ትዝ የምለው ሰው የለም፤ ቀኑን ሙሉ አንዲት ቃል ሳልናገር ይመሻል።

አንድ እሁድ ጠዋት ታዲያ ተደወለልኝ። ባህል አዳራሽ አካባቢ የሚኖሩ እትዬ ዘይነባ የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ አዲስ ሆም ቴአትር እንድገጥምላቸው ፈለጉ። ሳሎናቸው ሰፊ ስለነበር የሁለቱ የኋላ ስፒከሮች ሽቦ አልደረሰም። መቀጠል ነበረብኝ። እኔ ሽቦ ስቀጥል ጠምዝዤ፣ በእርሳስ በይጄ፣ ከዚያ ነው በናስትሮ የምጠቀልለው።

አንዱን በይጄ እንደጨረስኩ ምሳ ቀረበ። እትዬ ዘይነባ፣ ባለቤታቸውና አምስት ልጆቻቸው አንድ ትሪ ከበቡ። ልወጣ ስል፣ "ወዴት ወዴት? እጅህን ታጠብና ና!" አሉኝ። እነሱ ሙስሊሞች ናቸው። አንገቴ ላይ ማተቤን አይተው፣ ሥጋቸውን እንደማልበላ ስላወቁ ለእኔ ለብቻዬ ሽሮ ሠርተውልኛል። እዚያው ትሪ ላይ በእኔ በኩል አወጡልኝና አጎረሱኝ። ከአገሬ ከወጣሁ ወዲህ ያጎረሰኝ ሰው አልነበረም። እንባዬ መጣ፤ ሚጥሚጣው ነው አልኩ።

ከምሳ በኋላ ሁለተኛውን ሽቦ ያዝኩ። የመበየጃው ካውያ ግሏል። ግን አልበየድኩትም። ላላ አድርጌ ጠምዝዤ በናስትሮ ሸፈንኩት። ምንጣፉ ላይ ሰው ሲመላለስ እንደሚለቅ አሳምሬ አውቃለሁ።

በሳምንቱ እሁድ ተጠራሁ። ሽሮውም ጠበቀኝ። እትዬ ዘይነባ እያጎረሱኝ "ይቅርታ፣ በዕረፍትህ ቀን አስቸገርንህ" ሲሉኝ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። የዚያን ቀን ሽቦውን አጥብቄ በየድኩት። ከእንግዲህ እንደማይጠሩኝ እያወቅኩ በእግሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። መንገዱ ረዘመብኝ።

በቀጣዩ እሁድ ስልኬ ጮኸ። "ሽቦው ለቀቀ" አሉኝ እትዬ ዘይነባ። እንዴት ሆኖ? እየሮጥኩ ሄድኩ። ምንጣፉን ገለጥ ሳደርግ የበየድኩት እንዳለ ነው። ከእሱ አለፍ ብሎ ግን ሽቦው በጨርቅ መቀስ ቀጥ ተደርጎ ተቆርጧል።

ቀና ስል እትዬ ዘይነባ ቆመው ያዩኛል።

"መጀመሪያ አንተ አላላኸው። ምንጣፉን ሳነሳ አንዱ ጠንክሮ ይዞ፣ የለቀቀው ግን ሳይበየድ መተዉን አይቻለሁ" አሉኝ። "ባለፈው ስታጠብቀው፣ ይሄ ልጅ ሊጠፋብን ነው ብዬ እኔ ቆረጥኩት።"

አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ሳቁ።

"ለሚመጣው እሁድ ሽቦዬን አታስጨርሰኝ። ዝም ብለህ ና።"

ስድስት ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ ሄድኩ። አሁን እትዬ ዘይነባ አርፈዋል፤ ልጆቹም በየአገሩ ተበትነዋል። ዛሬም ሳልጠራ ሰው ቤት መሄድ አይሆንልኝም። ሳልጠራ የምሄድበት ቤት የእሳቸው ብቻ ነበር።