የቴንሞሊ ሽብልቆች

በደቡብ ሕንድ ማዱራይ ከተማ ዳር ያለው የአውቶቡስ ዴፖአችን ግቢ ተዳፋት ነው። የሚያውቅ ሰው ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ ዴፖ እዚያ ባልተሠራ፤ እኛ ግን ተዳፋቱን እንወደዋለን። ባትሪው የሞተ አውቶቡስ ቁልቁል ሲለቀቅ በራሱ ይነሣል፣ የሚገፋ ሰው አይፈለግም። የእጅ ፍሬን የሚባለው ነገር በአብዛኞቹ ላይ ስሙ ብቻ ስለቀረ፣ አውቶቡስ ሲቆም ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ይመጣና ጎማው ሥር ይወሸቃል። ድንጋዩ አንዳንዴ ይይዛል፣ አንዳንዴ ይሰነጠቃል። እኔ ስምሪት ክፍል መስኮት ላይ ተቀምጬ ይህንን ሳይ ነው የኖርኩት።

ቴንሞሊ የመጣችው በሙያ ደኅንነት ረዳትነት ነው። ከእሷ በታች የቀረ ሹመት ቢኖር የግቢው ውሻ ነው። ሥራዋ የእሳት ማጥፊያዎቹን ማየት፣ ማስታወቂያ መለጠፍ፣ በነጠላ ጫማ ወደ መጠገኛው ጉድጓድ የሚወርድ መካኒክ መለመን ነበር። የላኳት አለቆች ነገሩን በግልጽ ነግረዋታል፤ ዴፖው ዓመቱን ያለ አንድ ጉዳት ከጨረሰ ቋሚ ትሆናለች፣ ካልጨረሰ ይታሰብበታል። እናቷንና ታናናሾቿን የምታስተዳድረው እሷ ስለሆነች «ይታሰብበታል» የሚለው ቃል እንቅልፍ ይነሣት ነበር።

መጀመሪያ ያደረገችው ነገር አናጺ አምጥታ ከሮቃ እንጨት ሽብልቅ ማስጠረብ ነው። ቢጫ ቀለም ቀባቻቸው፣ መግፊያ ዘንግም ጨመረችላቸው። «እጅ ጎማ ሥር አይገባም» ማለት የዘወትር ጸሎቷ ሆነ።

መካኒኮቹ በሽብልቁ እጅግ ደስ አላቸው። ለቀትር እንቅልፍ ደህና ትራስ ወጣው፣ የሻይ ማንቆርቆሪያ ተቀመጠበት፣ አንዱማ ዝንጅብል ሲወቅጥበት አይቻለሁ። እሷ አትቆጣም። አመሻሽ ላይ እየዞረች ትለቅማቸውና ጎማ ሥር ትመልሳቸዋለች። ጸጉሩን እዚያው ግቢ ያሸበተው ዋና መካኒክ ሙኒያንዲ አንድ ቀን አውቶቡስ ሥር እንደተጋደመ ተናገራት።

«አንቺ ልጅ፣ ሰው ቀኑ ሳይደርስ አይሞትም። ቀኑ ከደረሰ ደግሞ ያንቺ ጉማጅ እንጨት ምን ይፈይድልኛል?»

«ጋሼ፣ ቀኑን እርስዎ እንዳያፋጥኑት ብዬ ነው» አለችውና ሽብልቁን በዘንጓ ገፋ አድርጋ ሄደች።

በአንድ ዝናባማ ሳምንት ድንጋይ ሾለከና ባዶ አውቶቡስ ተንሸራትቶ የሻይ ቤቱን አግዳሚ ወንበር እንክትክቱን አወጣው። ሙኒያንዲ ሻዩን ጨርሶ ከዚያ ወንበር መነሣቱ ነበር። በማግስቱ ሽብልቅ ሲፈልግ ታየ፤ እሱ ከፈለገ ሌላው ይከተላል። ድንጋዮቹ ወደ አጥራቸው ተመለሱ።

ከዚያ የመሣሪያ በዓል መጣ። በዚያ ቀን መሣሪያ ሁሉ ታጥቦ፣ የሰንደል እንጨት ቅባት ተቀብቶ፣ ቀይ ነጥብ ተደርጎበት የዕውቀት አምላክ ከሆነችው ከሳራስዋቲ ሥዕል ፊት ይደረደራል፤ እስከ ማግስቱ ጠዋት ያርፋልና ማንም አይነካውም። አውቶቡሶቹም የአበባ ጉንጉን አጥልቀው ተዳፋቱ ላይ ይሰለፋሉ፣ በየፊት ጎማቸው ሥር ሎሚ ይቀመጣል። ጸሎቱ ሲያልቅ ሹፌሩ ነድቶ ሎሚውን ሲጨፈልቀው ክፉ ዓይን አብሮ ይጨፈለቃል።

ቴንሞሊ አረንጓዴ ሐር ለብሳ መጣች። ከሥዕሉ ፊት፣ ከመፍቻውም ከመዶሻውም ቀድመው፣ ቢጫ ሽብልቆቿ ቀይ ነጥባቸውን ይዘው ተደርድረዋል። ከየጎማው ሥር ለቅሞ ያጠባቸው ሙኒያንዲ ራሱ ነው። እንባዋ መጣ። እኔም ደስ አለኝ፤ ትራስ የነበረ እንጨት ለመሣሪያነት ሲበቃ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ካህኑ ደወሉን ያንቃጭል ጀመር።

ነገሩ የገባት ዓይኗን ስታብስ ነው። ሽብልቆቹ ሁሉ እዚህ ከሆኑ ጎማዎቹ ሥር ምን ቀረ? ዞር ብላ አየች። ሎሚ ብቻ፤ አውቶቡሶቹን የያዛቸው ማርሻቸው ነው። የዳረኛው አውቶቡስ ሎሚ ደግሞ መሪው ላይ ሰው ሳይኖር ተጨፍልቋል፣ ጭማቂው ሲሚንቶው ላይ ይወርዳል። ከአውቶቡሱ በታች፣ ጥላው ውስጥ፣ የሠራተኞቹ እናቶችና ሚስቶች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ቅቅል ሽንብራ እየቆነጠሩ ይጫወታሉ።

አንዱን ሽብልቅ ከሥዕሉ ፊት መንጥቃ ሮጠች። ደወሉ ቆመ። ዘንግ ትዝም አላላት፤ በእጇ ወሸቀችው። አውቶቡሱ ሽብልቁ ላይ ትንሽ ወጣ አለና ቆመ። ሴቶቹ ቀና ብለው ሲያዩ ጎማው ከምንጣፋቸው ጫፍ ደርሷል። የቴንሞሊ የቀኝ እጅ አመልካች ጣት ግን ጎማው ሥር ቀርቶ ነበር።

አንዳንዱ «በዓሉን አረከሰችው» ብሎ አጉረመረመ። ሙኒያንዲ ያረፈውን ክሪክ ከሥዕሉ ፊት አንሥቶ መጣና አውቶቡሱን ቀና አድርጎ ጣቷን አስለቀቃት። ከዚያ የቀሩትን ሽብልቆች እየተሸከመ በየጎማው ሥር መለሳቸው። ምንጣፉ ላይ ከተቀመጡት አንዷ ሚስቱ ነበረች።

ጣቷ በፋሻ ታሽጎ ከክሊኒክ ስትመለስ ሙኒያንዲ እኔ ቢሮ ቁጭ ብሎ ይጠብቃት ነበር። የሙከራ ዓመቷ ሊያልቅ ጥቂት ነው የቀረው።

«ቤት በር ቀረጠፈኝ በይ» አላት። «እኛም አላየንም። ዓመትሽ ንጹሕ ሆኖ ይለቅ።»

«ጋሼ፣ የእርስዎ ጣት ቢሆን እጽፈው ነበር። የኔስ የሰው ጣት አይደለም?»

በግራ እጇ ጻፈችው፤ እጅ ጎማ ሥር መግባቱንና ያስገባችውም ራሷ መሆኗን ጭምር። አለቆቹ ቋሚ አላደረጓትም፣ ሙከራውን በአንድ ዓመት አራዘሙባት። እኔ ንድድ አልኩ። እሷ በማግስቱ እሳት ማጥፊያ ስታይ ነበር።

በሚቀጥለው በዓል ሽብልቅ ከቦታው አልተነሣም። ካህኑ ወገቡን እየያዘ፣ በየጎማው ጎንበስ እያለ፣ ጸሎቱን ግቢውን ዞሮ አደረሰ። ሙኒያንዲ የሰንደሉን ሳህን ይዞ ይከተለዋል። ዳረኛው አውቶቡስ ጋ ሲደርሱ ቴንሞሊ ቆማ አገኟት። ሙኒያንዲ ቀኝ እጇን እንድትሰጠው ጠየቃት፣ የጎበጠችውን ጣት ሰንደል ቀባት፣ ቀይ ነጥብ አደረገባት።

«በይ፣ እስከ ነገ በዚች እጅ ምንም እንዳትነኪ» አላት። «ዛሬ መሣሪያ ያርፋል።»

እሷም ቃሉን አከበረች። የዚያን ቀን ምሳዋን ያጎረሰቻት የሙኒያንዲ ሚስት ናት።