አጎቴ ያቆሙበት ስም

በቅርቡ ያረፉት አጎቴ የቤተሰባችንን ዘር ሲቆጥሩ ቅድመ አያታቸው ላይ ሲደርሱ ያቆሙ ነበር። «ከዚያ በላይ አልሰማሁም» ይላሉ።

አንድ እሑድ ዴንቨር፣ ሞንትቤሎ ሰፈር ባለው ቤታቸው ተሰብስበን የዘር ሐረጉን ስንጽፍ፣ የአክስቴ ልጅ «ጋሼ፣ አንድ ደጃዝማች ጣል እናድርግበት፤ ዴንቨር ላይ ማን ያጣራል?» አለቻቸው።

«ይሄ ጋዜጠኛ ወንድምሽ ያጣራላ!» አሉ ወደ እኔ እያዩ። «ደግሞስ ገበሬ ምን ጎደለው? እኛን ያበላን እሱ አይደል?»

እኔም አጣራሁ። ከአገር ቤት በስልክ ፎቶ ተነሥተው የተላኩልኝ የደብሩ የክርስትና መዝገብና የቆየ የመሬት ግብር ደረሰኝ እሳቸው የነገሩንን ስሞች አንድ በአንድ አረጋገጡ። ከቅድመ አያታቸው በላይ ግን የተጻፈ አላገኘሁም፤ በሐረጉ ላይ የዚያን ስም ሳጥን ባዶ ተውኩት። በሥራዬ ብዙ ሰው ጠይቄአለሁ፤ የማያውቁትን ቀና ብለው «አላውቅም» የሚሉ እንደ እሳቸው ያሉ ሰው አላጋጠሙኝም።

ለአርባቸው የሚታደለውን የዘር ሐረግ ለማሳተም ከአክስቴ ልጅ ጋር ሃቫና ስትሪት ወዳለ ማተሚያ ቤት ሄድን። አታሚው «ከላይ ያለውን ባዶ ሳጥን ዲሊት ላድርገው?» አለን።

ቀድማኝ የመለሰችው እሷ ናት።

«እንዳትነካው። ጋሼ ያቆሙት እዚያ ነው።»