በጠረጴዛ ልብሱ ፊት የተነሳናቸው ፎቶዎች

የልጅ ልጄን ፎቶ ለማንሳት አራት ቀን ፈጅቶብኛል። ለሌላ ሰው የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ስልኩ የራሴ ነበር፤ ግን እደውልበት ነበር እንጂ ፎቶ አንስቼበት አላውቅም። ትምህርት ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ የማላውቀውን አላውቅም ለማለት ግን አፍሬ አላውቅም። የቱ ጋ እንደሚነካ ያሳየችኝ ራሷ ልጅቷ ናት። ሰባት ዓመቷ ነበር።

ጊዜው በፈረንጆቹ 2016 ነው፤ ጁባ ላይ የሐምሌው ተኩስ ካለፈ ሦስት ወር ያህል ሆኖታል። ሃይ ማላካል በሚባለው ሰፈር ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ፤ ከኋላዋ እኔና ልጅቷ የምንኖርባት ክፍል አለች። በተኩሱ ቀናት የቢራ ሳጥን በሩ ላይ ደርድረን መሬት ላይ ተኝተን አሳለፍን። ተኩሱ ሲያበቃ እኔ ተነሳሁ፤ እሷ ግን ሙሉ በሙሉ አልተነሳችም። በር በኃይል በተዘጋ ቁጥር ጠረጴዛ ሥር ትገባለች። አንድ ደንበኛ ሹካው ወድቆበት ጎንበስ ሲል እግሩ ሥር ቁጢጥ ብላ አገኛት። ሰውየው ምሳውን ሳይጨርስ ሄደ።

እናቷ የእኔ ልጅ ነበረች፤ ልጅቷ ሁለት ዓመት ሳይሞላት በበሽታ ሞተችብኝ። አባቷ መኪና ላመጣ ብሎ ወደ ኡጋንዳ ሄዶ በዚያው ቀረ። አዲስ አበባ ያለችው ሁለተኛዋ ልጄ፣ "ላኪያት እማዬ፣ ከልጆቼ ጋር ትደግ" አለችኝ። አንቺም ነይ አላለችኝም፤ አልፈረድኩባትም። ያላት አንድ ክፍል ነው። እኔም ምግብ ቤቷን ዘግቼ ብሄድ እዚህም እዚያም የሚበላ ይጠፋል። ስለዚህ የምትሄደው ልጅቷ ብቻ ናት።

ለጉዞ ወረቀቷ አራት ፎቶ ተጠየቅን። ከምግብ ቤቴ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ፎርም የሚሞላና ፎቶ የሚያነሳ አንድ ያገሬ ልጅ ሱቅ ነበረው። ልጅቷን ይዤ ስሄድ ካሜራው ተዘርፎበት አገኘሁት።

"ማተሚያዋስ እንዴት ተረፈች?" አልኩት።

"ከበደቻቸው መሰለኝ እማማ። በስልክዎ ያንሷትና ያምጡልኝ፤ እኔ አትምልዎታለሁ።" ከዚያ በጣቶቹ እየቆጠረ ነገረኝ፦ ጀርባው ነጭ ይሁን፣ ሁለቱም ጆሮዎቿ ይታዩ፣ አፏ ይዘጋ፣ ሳቅ የለም፣ ጥላ የለም።

"ወንጀለኛ ናት እንዴ?"

"ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚነሳው።"

"ሰው ሁሉ ከሆነ ደህና" አልኩት። ለሁሉም እኩል የሆነ ነገር አይከብደኝም።

ለበዓል የማወጣት አንዲት ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ነበረችኝ። ጥጓ ላይ የወጥ ነጠብጣብ ስላለባት እሱን ወደ ውስጥ አጥፌ የግቢው ቆርቆሮ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀልኳት። ልጅቷን የቢራ ሳጥን ላይ አስቀመጥኳት፤ ጉትቻዋን አወለቅሁ፤ ጸጉሯን ወደ ኋላ አሰርኩ። ያን ቀን ፀሐይዋ ፊት ለፊቷ ነበረች። የቆርቆሮው መስመር በጨርቁ ውስጥ አልፎ ታየ፤ ዓይኗም ጭፍን ብሎ ወጣ።

"ዓይኗ የታለ እማማ?" አለኝ የማተሚያው ልጅ።

"ፀሐይ ነው።"

"ዓይን ካልታየ አይቀበሉም። አያስኬዷትም።"

ልጅቷ እጄን ይዛ ቆማ ነበር። ቀና ብላ አየችው። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

በማግሥቱ ማንጎው ሥር አደረግኋት። ፊቷ አረንጓዴ ሆነ፤ ዓይኗም ተጨፍኗል። በሦስተኛው ቀን ምሳ በላተኛ ሳይመጣ ጨርቁን ምግብ ቤቱ ውስጥ ግድግዳው ላይ ሰቅዬ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩ። ብርሃኑ ጥሩ ነበር፤ ጥላም የለም። አሥራ አንድ ጊዜ አነሳኋት። አሥራ አንዱም ላይ ዓይኗ እንደተኛ ሰው ተከድኗል። ተናደድኩ፤ ስልኩ የተበላሸ መስሎኝ ዶሮ አነሳሁበት። የዶሮዋ ዓይን በደንብ ይታያል።

ስልኩን ይዤ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ልጁ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አያቸውና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እማማ፣ የድሮ ፎቶዋን ይስጡኝ። ዓይኑን ከዚያ ቆርጬ በኮምፒውተር እለጥፍላታለሁ። ማንም አያውቅም።"

"እኔ አውቃለሁ።"

"ለልጅቷ ብለው ነው እኮ።"

"ለልጅቷ ብዬማ ነው! በእሷ ወረቀት ላይ ሐሰት አይገባም። ዓይኗን ራሷ ትገልጣለች።"

"እሺ፣ ስትገልጥ ይምጡ" ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

እኔ እንደዚህ ነኝ። ምግብ ቤቴ ውስጥ ተራ አይዘለልም። አንድ ቀን ጠባቂ ያስከተለ ትልቅ ሰው መጥቶ አሁኑኑ ይቅረብልኝ ሲል፣ ከእሱ በፊት የመጣው ግንበኛ ቀድሞ በልቷል። ሠራተኞቼ ጓዳ ገብተው ነበር፤ እኔም በልቤ ፈርቻለሁ፤ ግን አላሳየሁም። ልጅቷ ያደገችው ይህን እያየች ነው። ገላ ለመታጠብም፣ ስልክ ለመንካትም፣ ወንበር ለመያዝም በእኛ ቤት ተራ አለ። ስትጫወት እንኳ አሻንጉሊቶቿን የምታሰልፍ ልጅ ናት።

በአራተኛው ቀን ስድስት ያህል አንስቼ ሰለቸኝ። "ኻላስ፣ በቃ፣ ዛሬም አልሆነም" ብዬ ስልኩን ዝቅ ሳደርግ ዓይኖቿ ብልጭ ብለው ተከፈቱ። ስልኩን ከፍ አደረግሁ፤ ተጨፈኑ። ዝቅ አደረግሁ፤ ተከፈቱ።

"ሆን ብለሽ ነው?"

"አዎ።"

"ለምን?"

"ዓይን ካልታየ አያስኬዷትም ብሏል ሰውዬው።"

ሳጥኑ አጠገብ ተንበረከክሁ። "አዲስ አበባ እኮ ጥሩ ነው። አክስትሽ አለች፣ ልጆቿ አሉ፣ ተኩስ የለም።"

"አንቺ ትሄጃለሽ ሐቦባ?"

ሐቦባ የዚህ አገር ልጆች አያታቸውን የሚጠሩበት ነው። አያቴ ብላኝ አታውቅም።

እውነቱን መናገር እችል ነበር። ብናገር ጩኸት ይሆናል፣ እንደገና መጨፈን ይሆናል፤ ወረቀቱ ሳይደርስ ሌላ ተኩስ ሊመጣ ይችላል። ይህን ሁሉ ያሰብኩት በኋላ ነው መሰለኝ። ያን ጊዜ አፌ ቀደመኝ።

"እሄዳለሁ" አልኳት።

"ወላሂ?"

"ወላሂ አይባልም።"

"እሺ፣ በማርያም?"

"በማርያም" አልኳት። ስድሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ፣ በሐሰት ስምል የመጀመሪያዬ ነበር።

ዓይኗን ገለጠች። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያነሳኋት፤ ሁለተኛ አላስፈለገም። ከዚያ ከሳጥኑ ላይ ዘላ ወረደችና ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

"አሁን ያንቺ ተራ ነው።"

"ቆይ፣ የእኔ በኋላ..."

"ተራሽ ነው! አንቺም ወረቀት ያስፈልግሻል። ተቀመጪ።"

ተቀመጥኩ። "ሻሽሽን አውልቂ፣ ጆሮሽ አይታይም" አለች። አወለቅሁ። "አትሳቂ።" እየሳቅሁ አልነበረም። "ዓይንሽን እንዳትጨፍኚ፣ እሺ?" አልጨፈንኩም። እኔም ብጨፍን ኖሮ አልሄድም ማለቴ በሆነ ነበር።

አብሬሽ ካልሄድኩ ብላ ወደ ሱቁ ተከተለችኝ፤ ስለዚህ የሁለታችንንም አሳተምኩ። ልጁ ስልኩ ላይ የእኔን ፊት ሲያይ ተገረመ። "እርስዎም ሊሄዱ ነው እንዴ?" አለኝ። በየቀኑ ምሳውን የሚበላው እኔ ጋ ነው፤ የትም እንደማልሄድ ያውቃል። ልጅቷ ቀና ብላ ታየኛለች።

"አዎ" አልኩት።

በእሷ ወረቀት ላይ ሐሰት አይገባም ያልኩት በዋዜማው ነው። ፎቶዎቹን በመቀስ ቆራርጦ ሰጠኝ፤ አራት የእሷ፣ አራት የእኔ። "የእርስዎም ጥሩ ወጥቷል" አለኝ፤ ዓይኔን ግን አላየም።

የእሷ ወረቀት ደረሰ። ለመሄድ የተነሳች አንዲት የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ ልትወስድልኝ ተስማማች። አውሮፕላን ማረፊያው በሰው ተጨናንቆ ነበር፤ ሻንጣ በሰው ራስ ላይ ያልፋል። ልጅቷ የእኔን ቀሚስ በአንድ እጇ፣ የሴትዮዋን በሌላው ይዛለች።

"ሐቦባ፣ ያንቺ ወረቀት የታለ?"

"ተራዬ አልደረሰም" አልኳት። "ሲደርስ እመጣለሁ።"

ቀሚሴን ለቀቀች። አላለቀሰችም፣ አልጠየቀችም። ተራ ካልደረሰ አልደረሰም፤ ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ብትጮህ፣ መሬት ላይ ብትንከባለል ይሻለኝ ነበር። በራሷ እግር ሄደች።

ከዚያ በየእሑዱ ስልክ ሆነ። "ሐቦባ፣ ተራሽ ደረሰ?"

"ገና ነው።"

"ስንት ሰው ይቀድምሻል?"

"ብዙ።"

"ቁጠሪያቸው።"

አሥራ ሦስት አልኳት። በሳምንቱ፣ "ዛሬስ? አሥራ ሁለት?" አለችኝ። አሥራ ሁለት አልኩ። በየሳምንቱ አንድ ሰው እየቀነሰች መጣች፤ ከአክስቷ ልጆች ጋር ደብተር ላይ እየሰረዙ ነበር አሉ። አምስት ላይ ስንደርስ ፈራሁ።

"ሰው ገባብኝ" አልኳት።

"ተራ ዘለለ?"

"አዎ።"

"ለምን ዝም አልሽው? ተራ አይዘለልም በይው እንጂ!" ድምፁ የእኔ ነበር፤ ሠራተኞቼን የምቆጣበት። ከዚያ እሑድ በኋላ ስለ ተራዬ ጠይቃኝ አታውቅም። "ታማም ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ አንቺስ?" ትልና ስልኩን ለአክስቷ ትሰጣለች።

ልጄ በየበዓሉ ፎቶ ትልክልኛለች። የአክስቷ ልጆች እየሳቁ፣ እሷ በመሐከላቸው ዓይኗን ጨፍና። መጀመሪያ አጋጣሚ ነው አልኩ። በሁሉም ፎቶ ላይ እንደዚያው ናት። ዘንድሮ፣ በፈረንጆቹ 2018 ሲጋመስ፣ ልጄ ተጨንቃ ደወለችልኝ።

"እማዬ፣ ትምህርት ቤቱ ለመታወቂያ ፎቶ አምጡ ብሏል። ሦስት ጊዜ አነሳኋት፤ ሦስቴም መለሱብኝ። ብርሃን እየወጋት ይሆን? ሐኪም ላሳያት?"

"ብርሃን አይደለም።"

"እንግዲያው አንቺ ንገሪያት። አንቺን ትሰማለች።"

ስልኩን ሰጠቻት። ትንፋሿ ይሰማኛል። ተራዬ ደርሷል ብላት ዓይኗን እንደምትገልጥ አውቅ ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር።

"ስሚኝ" አልኳት። "ሰልፍ የለም። ያኔም አልነበረም። ወረቀት አልጠየቅሁም። አንቺ እንድትሄጂ ብዬ ነው የዋሸሁሽ።"

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩ።

"ሰማሽኝ?"

"ሰምቻለሁ።"

"ተቀየምሽኝ?"

"በማርያም ብለሽ ነበር" አለች። ቀጥሎ የሰማሁት የአክስቷን ድምፅ ነው።

የእኔ አራት ፎቶዎች አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው። የሚጠይቃቸው ስለሌለ አንድም አልጎደለም። ልጅቷ ስታነሳኝ ስልኩን ትንሽ አጋድላው ስለነበር ወደ አንድ ጎን የምወድቅ እመስላለሁ።

ከስልኩ በኋላ በሦስተኛው ቀን ልጄ አዲሱን ፎቶ ላከችልኝ። ትምህርት ቤቱ ተቀብሎታል አለች፤ ደስ ብሏት አመሰገነችኝ። ምሳ ሊበላ ለመጣው ለማተሚያው ልጅ አሳየሁት። እጁን አብሶ ስልኩን ተቀበለኝ።

"እማማ፣ ይሄ እንከን የለውም" አለኝ።

የለውም። ጀርባው ነጭ ነው። ሁለቱም ጆሮዎቿ ይታያሉ። አፏ ተዘግቷል፤ ጥላ የለም። ዓይኖቿ ተከፍተዋል፤ አንድ ሰው ይመጣል ብሎ የሚጠብቅ ዓይን ግን አይደለም። ደጋግሜ አየሁት፤ አይሆንም ብዬ የምመልስበት ምክንያት አጣሁ።