አባቴ የክብሮም አጎት የሆነበት ሰኞ

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ጀመረ። ጠዋት ጠዋት ውኃውን በሃይላንድ ሞልቼ፣ የፕላስቲኩን አንገት በሲባጎ አስሬ ትከሻው ላይ የማንጠለጥልለት እኔ ነኝ። ያንን ፕላስቲክ በያዝኩ ቁጥር እጄ የሚያስታውሰው ነገር አለ፤ አራተኛ ክፍል ሳለሁ እንዲህ ባለ ሃይላንድ የአንድ ልጅ ከንፈር አድምቻለሁ። ጸጸት የምትጠብቁ ካላችሁ አትድከሙ። የማወራችሁም ስለ ምቱ ሳይሆን ከምቱ በኋላ ስለሆነው ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት የለም።

የምንኖረው በመቐለ ሰሜን፣ ወደ ውቅሮ በሚያወጣው መንገድ ዳር ነበር። አባቴ ጎሚስታ ነው። ከወሎ ለሥራ መጥቶ እናቴን አግብቶ መቐለ የቀረ ሰው ነው፤ ቤታችን ውስጥ እሱ በአማርኛ ይጠይቃል፣ እናቴ በትግርኛ ትመልሳለች፣ እኔ በሁለቱም እለፈልፋለሁ። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ቀድሞ የሚደርሰኝ የጎማና የማስቲሽ ሽታ ነው። የአየር መሙያው ሞተር ሲነሣ የቤታችን ቆርቆሮ አብሮ ይንቀጠቀጣል። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የአባቴን አሮጌ ጎማዎች ይመኝ ነበር፤ ውስጡ ተጠቅልለን ገብተን ቁልቁለቱን ስንንከባለል ሰማይና መሬት ይደባለቅብናል፣ ስንወጣ እንደ ሰካራም እየተንገዳገድን በሳቅ እንፈርሳለን። ያን ያልቀመሰ የእኔ ዘመን ልጅ ቀርቶበታል።

አራተኛ ክፍል እንደገባን የክፍላችን ኃላፊ መምህር ሐጎስ እያስነሡ የአባቶቻችንን ሥራ ጠየቁን። ነርስ፣ ነጋዴ፣ ወታደር ተባለ። ክብሮም የሚባል የኋላ ወንበር ልጅ «ሹፌር፣ የከባድ መኪና» አለ፣ ደረቱን ነፍቶ። እኔ ተነሥቼ በሙሉ ድምፄ «ጎሚስታ» አልኩ። ክብሮም በጥርሱ መሃል አየር አወጣ፤ ፊስስስ። ጎማ ሲተነፍስ የሚያሰማውን ድምፅ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዞሩ፤ ትከሻቸው ሲርገፈገፍ ግን አይቻለሁ።

ከዚያ ወዲያ ራሔል የሚለኝ ጠፋ፤ ጎማ ሆንኩ። መልስ ለመመለስ እጄን ሳወጣ ፊስስ። ሰሌዳ ጋ ስወጣ ፊስስ። ከሮቶው ውኃ ለመቅዳት ስሰለፍ አፍንጫቸውን ይዘው ይሸሻሉ፣ «እንዳትነካህ፣ ጥቁር ትቀባሃለች» ይባባላሉ። ክብሮም ብቻውን ቢሆን እችለው ነበር። እሱ አውራጅ ነው፤ ተቀባዩ ክፍሉ በሙሉ ነው።

ለቤት መናገር አልቻልኩም። በቁመቱ ወይም በጥርሱ የተሰደበ ልጅ ለአባቱ ይከሳል፤ እኔ ምን ብዬ ልክሰስ? ስድቡ ራሱ አባቴ ነው። ማታ ማታ እጁን በኦሞና በአሸዋ እየፈተገ ሲታጠብ አጠገቡ ቆሜ ውኃ አፈስለታለሁ። ክፍል ውስጥ እጄን ማውጣት ተውኩ። ቤትም ማውራት ተውኩ። ትምህርት የማቆምበትን ሰበብ መፈለግ ጀምሬ ነበር። ትልልቆቹ ምን እንዳሉ ታውቃላችሁ? እናቴ ለጎረቤት «ጓለይ፣ ልጄ አደገች፣ ጨዋ ሆነች» ብላ ተመካች። መምህሩ ክፍሉ ሲንጫጫ «እንደ ራሔል ጸጥ በሉ» አሉ። በሁለቱም በኩል ተመሰገንኩ።

አንድ ዓርብ በዕረፍት ሰዓት ክብሮም ሃይላንዴን ነጠቀኝ። ክዳኑን ከፍቶ «ጎማዋ ተንፍሳለች፤ ውኃ ምን ያደርግላታል፣ አየር ስጧት» እያለ መሬት ላይ ያፈሰው ጀመር። ያን ውኃ እናቴ ጄሪካን ተሸክማ ስንት ሰዓት ተሰልፋ እንዳመጣችው የመቐለ ሰው ይገባዋል። ግማሹ ሳይፈስ ቀማሁት። በቀረው ግማሽ አፉን አልኩት። ደሙን ሲያይ ከእኔ በላይ የደነገጠው እሱ ነው። መምህር ሐጎስ ሁለታችንንም በጆሯችን ይዘው «ሰኞ ወላጅ ሳትይዙ እንዳትገቡ» አሉን።

ወላጅ አምጡ ሲባል የእኛ ዘመን ልጅ ሁለት ነገር ያስባል፤ ወይ ዱላ፣ ወይ የውሸት ወላጅ። ከመንገድ ላይ አንድ ሆደ ቡቡ ሰው ለምኖ አጎት ወይም አክስት አድርጎ ማቅረብ ያልሞከረ፣ ቢያንስ ያላሰበ የለም። እኔ ለእናቴ ተናዘዝኩ። ደም ማፍሰሴን እንጂ ስድቡን አልነገርኳትም። ቆንጥጣኝ ስታበቃ «አባትሽ እንዳይሰማ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» አለችኝ። እሑድ ማታ አባቴ ከወትሮው አስበልጦ እጁን ሲፈትግ አየነው። «ምነው፣ ሰርግ አለህ?» ብትለው «ጠዋት ጉዳይ አለኝ» አላት።

ሰኞ ጠዋት እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ መምህራን ክፍል ውስጥ ከአጠገቤ ተቀመጠች። ክብሮም ከንፈሩ አብጦ በሩን በሩን ያያል። መምህር ሐጎስ «ያንተስ ሰው?» ሲሉት «አኮይ እየመጣ ነው» አለ፤ በትግርኛ የእናቱን ወንድም ማለቱ ነው። ወዲያው በሩ ተንኳኳ። የፋሲካ ኮቱን የለበሰ፣ ጫማውን ያስጠረገ ሰው፣ ሁለት እጁን ኪሱ ከትቶ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ «እንዴት አደራችሁ፣ የክብሮም አጎት ነኝ» እያለ ገባ።

አባቴ ነበር።

እናቴ ከወንበሯ ተነሣች። «ወይለይ፣ ደምሴ? የማን አጎት?»

አባቴ እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ ወደ ክብሮም ዞረ። «አንቺስ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«እኔማ ልጄ ተከሳ ነው። ያንተን ዘመድ ነው የማላውቀው።»

መምህር ሐጎስ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይቅርታ፣ ትተዋወቃላችሁ?»

«በቁርባን» አለች እናቴ።

ነገሩ የተጣራው እየተሳቀቁ ነው። ክብሮም አባቱን ጠርቶ ቀበቶ መቅመስ ስላልፈለገ፣ እሑድ ቅዳሴ ሲያበቃ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ቆሞ የሚወጣውን ሰው ሲመርጥ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ደህና አጎት የሚመስለውን፣ ጋቢ የተከናነበውን የእኔን አባት መረጠ። አልቅሶ ለመነው። አባቴም «ልጅ ከትምህርት ከሚቀር እኔ ብዋሽ ይሻላል ብዬ ነው፤ የመታችው የኔዋ መሆኗን የት ዐውቄ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

መምህር ሐጎስ አልሳቁም። ወደ እኔ ዞረው «ምን ብሎሽ ነው የመታሽው?» አሉኝ። እናቴ በክርኗ ጎሸመችኝ፤ «ተናገሪ እንጂ፣ ምላስሽ የት ሄደ?» መምህሩ «አይፍረዱባት፣ ከክፍሉ አንደኛ ዝምተኛ ናት» አሉ። እናቴ ትክ ብላ አየቻቸው። «ማን፣ ይቺ? በእንቅልፏ የምታወራ ልጅ ናት እኮ።» ከዚያ ራሷ ቆም አለች። በእንቅልፌ ካወራሁ ስንት ጊዜ እንደሆነኝ ያን ጊዜ ትዝ ያላት ይመስለኛል። መምህሩ እኔን ያወቁኝ ዝም ካልኩ በኋላ ነው፤ እናቴ ዝም ያልኩት አድጌ መስሏታል። ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ስለ እኔ ሲያወሩ የመጀመሪያቸው ነበር።

ሁሉም እኔን እያዩ ነው። አባቴ ፊት ያን ቃል ከማውጣት ያችኑ ዱላ ብቀምስ ይሻለኝ ነበር። ግን ከዚያ በር ዝም ብዬ ከወጣሁ ዳግመኛ እንደማልናገር ገባኝ። «ጎማ ይሉኛል» አልኩ። «ሳልፍ እንደሚተነፍስ ጎማ ፊስ ይሉብኛል። ክፍሉ በሙሉ። አባቴ ጎሚስታ ስለሆነ።»

አባቴ እጆቹን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖራቸው። ያ ሁሉ ፍትጊያ የጥፍሩን ዙሪያ ጥቁር አላስለቀቀውም። ክብሮም አያቸውና ፊቱ ሲለወጥ አየሁት።

«ትናንት እጄ ጋቢ ውስጥ ነበር» አለው አባቴ። «ብታየው ኖሮ አጎት ሁነኝ ትለኝ ነበር?»

«አላውቅም» አለ ክብሮም። እውነቱን ነው፤ ለዚህ ብቻ ያን ዕለት ወደድኩት።

«እንግዲህ አንዴ አጎት አድርገኸኛል፣ እኔም አልከዳህም። ማታ እናትህ ጋ እንሄዳለን። ዱላ የለም፣ እኔ አለሁ።» ወደ እኔም ዞሮ «አንቺም ሰው አድምተሻል» አለኝ። ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ጥርሴን ነክሼ። እሱም ጠየቀኝ፣ አበጥ ባለ ከንፈሩ። መምህር ሐጎስ እናቴን እያዩ «ያን ቀን እኔም ሳቅ አምልጦኛል» አሉ። «ስለዚህ እኔም ከእናንተ ጋር እሄዳለሁ።»

ማታ አባቴ፣ እናቴና መምህሩ የክብሮም ቤት ሄዱ። እናቱ ሆቴል ልብስ ስታጥብ ውላ ገና መግባቷ ነበር። ልጇ ክፍል አስከትሎ እንደሚያሳድም ቀርቶ አጎት እንዳለውም አልሰማችም፤ «እኔ እኮ ወንድም የለኝም» ብላ ተከራከረች አሉ። በማግስቱ መምህሩ ክፍሉ ፊት ቆመው መሳቃቸው ስሕተት እንደነበር በአፋቸው ተናገሩ። መምህር እንዲህ ሲል ያኔ ሰምቼ አላውቅም ነበር፣ ከዚያ ወዲህም ብዙ አልሰማሁ። «ከእንግዲህ ፊስ ያለ ልጅ ወላጅ አምጣ አልለውም፤ ራሴ ቤቱ እሄዳለሁ» አሉ። ሄዱም።

ከዚያው ሳምንት ዓርብ ጀምሮ መምህሩ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ አባቴ ጋ ጎራ ማለት ለመዱ። ሻይ ይታዘዛል፣ ወንበር ስለሌለ ጎማ ላይ ይቀመጣሉ። እናቴ «የኔዋ ከትናንት ወዲያ እራት አልበላችም» ትላለች፣ እሳቸው «ትናንት እኮ ሮቶው ጋ የሆነ ነገር ነበር» ይላሉ፤ ሁለቱ ሲገጥም ነገሩ ይወጣል። የክብሮም እናት መጣች። ከመኪና ጉዞ ሲመለስ አባቱም መጣ፤ ለካ የአባቴ የቆየ ደንበኛ ነው። የሌሎቹም ወላጆች አንድ ሁለት እያሉ ተጨመሩ። ልጆቹ ፊስ ለማለት ያፍሩ ጀመር፤ በአንድ ቀን አልተዉም፣ ግን እናትህ በራሔል አባት ጎማ ላይ ተቀምጣ ሻይ እየጠጣች እንዴት ፊስ ትላለህ? የተሰደብኩበት ጎማ የወላጆችና የመምህር መቀመጫ ሲሆን በዓይኔ አየሁ። ከገና በኋላ እጄን አወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ አላወረድኩትም፣ የሚያውቁኝ ይመሰክራሉ።

ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ የቆየባቸው ዓመታት መጥተው ሄዱ። መምህር ሐጎስ ጡረታ ወጥተዋል። ዛሬ የእህቴ ልጅ ክፍል የወላጆች ቴሌግራም አለው፤ በዓል ሲመጣ አበባ ይላካል፣ ማስታወቂያ ሲለጠፍ ሁሉም አውራ ጣት ያነሣል፣ ስለ ልጅ የሚያወራ ግን የለም። ባለፈው ሳምንት ልጁ ዝም ሲልብኝ አላስቻለኝም። ሄጄ መምህርቱን አገኘኋትና ዓርብ ወደ ቤትሽ ስትሄጂ በአባቴ በኩል እለፊ አልኳት። ግራ ገባት፣ ግን መጣች። ኮቷን ሰብስባ ጎማ ላይ ተቀመጠች።

ሻይዋን ሳትጨርስ አንድ ከባድ መኪና መንገዱን ለቆ ቆመ። የኋላ እግሩ እየተነፈሰ ነው፤ ፊስስስ ይላል። ሹፌሩ ወርዶ ገና ከሩቁ «አኮይ፣ አለህ?» እያለ መጣ። መምህርቱ የሥጋ ዘመዳችን መስሏት «የአባትሽ እህት ልጅ ነው?» አለችኝ።

«አይደለም» አልኳት። «አባቴን ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ መርጦ ነው አጎት ያደረገው። አመራረጥ ያውቅበታል።»