በኋላ ወንበር ላይ የተነጠፈው ብርድ ልብስ

መኪናዋ የእህቴ ናት። ይህን አስቀድሜ መናገር ይኖርብኛል፤ መሪዋን የምይዘው እኔ በመሆኔ በመካነ ሰላም ብዙ ሰው የእኔ አድርጎ ይቆጥራታልና። የተገዛችው ግን እህቴ በዓረብ አገር በሰው ቤት ስታጥብ፣ ስትተኩስና የሰው ልጅ ስታሳድግ ባሳለፈቻቸው ዓመታት ነው። እሷ እስከ ዛሬ የመኪናዋን በር ከፍታ ገብታ አታውቅም። በስልክ በላክሁላት ምስል ብቻ ታውቃታለች።

ሐሳባችን ቀላል ነበር። መኪናዋ ኮንትራት እየሠራች በከተማችን የልብስ ሱቅ የሚከፈትበትን ገንዘብ ታጠራቅማለች፤ ገንዘቡ ሲሞላ እህቴ ውሏን አታድስም፤ ለአረፋ ትመጣና ዳግመኛ አትሄድም። «እኔ አውሮፕላን የሚያመጣኝ እንዳይመስልህ» ትለኝ ነበር፤ «የምታመጣኝ ያቺ መኪና ናት።»

ሃይብሪድ፣ በነዳጅም በባትሪም የምትሄድ፣ የመረጥነው ነዳጅ ስለምትቆጥብ ነው። ለነዳጅ ተሰልፎ መዋል በተለመደበት አገር፣ ቁልቁለት ስትወርድ ባትሪዋን በራሷ የምትሞላ መኪና እንደ በረከት ትታያለች። የእንክብካቤዋን ወጪ ግን የሸጠልን ደላላም አልነገረንም፣ እኛም አልጠየቅንም።

የመጀመሪያው ሰርቪስ ሲደርስ አዲስ አበባ ወደሚገኘው የአስመጪው ጋራዥ ይዣት ሄድኩ። ወለሉ የሚያበራ፣ መጠበቂያ ክፍሉ ለስላሳ ወንበር የተደረደረበት ሥፍራ ነበር። አንዲት ትሑት ሠራተኛ ሻይ አቀረበችልኝና የዋጋውን ዝርዝር በእርጋታ አስረዳችኝ፤ የሞተር ዘይት፣ የዘይትና የአየር ፊልትሮ፣ የፍሬን ዘይት፣ የማቀዝቀዣ ውሃ፣ በኮምፒውተር መፈተሻ፣ የእጅ ዋጋ። እኔ በዚያን ጊዜ ማንኛውንም ዋጋ የምመዝነው በእህቴ የሥራ ቀን ነበር። የተጠየቅሁት ገንዘብ የወር ደመወዟን እኩሌታ ይወስዳል። የደርሶ መልሱ ነዳጅ፣ የአልጋው ኪራይና መኪናዋ ሥራ ፈትታ የምትቆምባቸው ቀናት ሲጨመሩበት፣ አንድ ሰርቪስ ማለት እህቴ አንድ ወር ሙሉ ለዘይት ብቻ ጎንበስ ቀና አለች ማለት ነው። ዘይቱንና ፊልትሮውን ከደሴ ገዝቼ በራሴ እጅ ብቀይረው ግን ወጪው ከዚያ ሩቡን አይሞላም። ይህን ሒሳብ ተመልክቶ ሌላ መንገድ የሚመርጥ ሰው ካለ፣ በዓረብ አገር እህት የሌለው መሆን አለበት።

ስለዚህ ሳላስነካት ይዣት ተመለስኩና ራሴ ተማርኩ። መኪናዋ ያለ መመሪያ መጽሐፍ ነበር የመጣችው፤ እኔም በስልኬ የባለሙያዎችን ቪዲዮ እየደጋገምኩ፣ ያገኘሁትን ጽሑፍ ሁሉ እያነበብኩ፣ ለዩኒቨርሲቲ ፈተና ባልተዘጋጀሁበት ጥንቃቄ ተዘጋጀሁ። በግቢያችን ካርቶን አንጥፌ ከመኪናዋ ሥር ስገባ እናቴ ስልኩን ይዛ ለእህቴ ታሳያታለች።

«ፕሮፌሰሩ፣ ዛሬም ከመኪናው ሥር ነህ?»

«ዘይት እየቀየርኩ ነው፣ እታለም።»

«ምን አንጥፈህ ነው የተኛኸው? ዲግሪህን?»

«ካርቶን ነው የተኛበት» አለች እናቴ ከልቧ። «ዲግሪውማ ግድግዳ ላይ ነው።»

እህቴ እስኪያስላት ድረስ ሳቀች። ከሥራዋ ሰርቃ የምትደውልባቸው እነዚያ አጫጭር ጊዜያት ለእኔ የደስታ ልክ ነበሩ። ጥቁሩ ዘይት ወርዶ ንጹሑ ሲገባ፣ ፍሬኑ ተስተካክሎ ሲይዝ፣ የእህቴን አንድ ሁለት ሳምንት ከሰው ቤት አስመልሼ የወሰድኩ ይመስለኝ ነበር።

እናቴም የበኩሏን ማድረግ ፈለገች። በእኛ ቤት እንግዳ በባዶ መደብ አይቀመጥም፤ አጎዛው ወይም ምንጣፉ ሳይነጠፍ «ቁጭ በሉ» ማለት እንግዳውን እንደ ማዋረድ ይቆጠራል። መኪናዋ በመጣች ማግስት እናቴ የኋላውን ወንበር በእጇ ዳሰሰችና «ይህማ ራቁቱን ነው» አለች። ከሳጥኗ ውስጥ ነብር የተሳለበትን ወፍራም ቀይ ብርድ ልብስ አወጣች። እህቴ በሄደች በመጀመሪያው ዓመት፣ ከስደት በምትመለስ ሴት ሻንጣ የላከችላት ነበር። እናቴ አንድም ሌሊት ለብሳው አታውቅም። ያንን አምጥታ ከኋላ ወንበር ላይ አነጠፈችው፤ እንዳይሸራተትም ዳርና ዳሩን ወትፋ በመርፌ ቁልፍ አያያዘችው።

«ከከላላም ከወግዲም አቧራ ለብሶ የሚመጣ ሰው ነው የሚቀመጥባት» አለችኝ። «የልጄን ላብ በአቧራ አላስደፍርም። ሰውም ቢሆን ይከበር።»

ሰውም ተከበረ። ተሳፋሪዎች ነብሩን እየዳሰሱ ይመርቋት ነበር። በወንበሩ ጎን እንደ ወንፊት የተበሳሳች ትንሽ ፕላስቲክ ነበረች፤ ብርድ ልብሱ ሸፈናት። የሬዲዮ ድምፅ ማውጫ ትመስል ስለነበር ማናችንም ልብ አላልናትም።

በሁለተኛው ዓመት በጋ ከኋላ በኩል አንድ ድምፅ ተጀመረ። ዳገት ስንወጣ ከወንበሩ ሥር ነፋስ የሚያጓራ ይመስላል። አንድ ቀን ከወረኢሉ የጫንኳቸው ሽማግሌ ጆሯቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው ቆዩና፣ «ልጄ» አሉኝ፣ «ሌላ ሰው ጭነሃል እንዴ? እዚህ ሥር የሚያንኮራፋ አለ።»

«የመኪናዋ አየር ነው፣ አባባ።»

«አየርስ ከሆነ ደግ። እኔ ሳይከፍል የተሳፈረ መስሎኝ ነው።»

ማታ ይህንን ለእናቴ አጫወትኳት። ሳቀች፤ በማግስቱ ጠዋት ግን፣ ድምፁ እንግዳ እንዳያውክ ብላ፣ የብርድ ልብሱን ዳር ከበፊቱ አጥብቃ ወተፈችው።

አረፋ ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ከከላላ ገበያ በጠራራ ፀሐይ ስንመለስ ዳገቱ ወገብ ላይ በዳሽቦርዱ ቀይ መብራት በራ። መኪናዋ ጉልበቷ ከዳት። ያሳፈርኳቸው ባልና ሚስት ያለ ማጉረምረም ወረዱ፤ ባልየው መኪናዋን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው፣ «በቅሎም ስትደክም ጆሮዋን ትጥላለች፤ አትቆጣት፣ አሳርፋት» አሉኝ። አሳረፍኳት። ቀስ እያልኩም ቤት አደረስኳት።

ወደ ጋራዡ ደወልኩ። ትሑቷ ሠራተኛ የመብራቱን ዓይነት ጠየቀችኝና ችግሩ ከትልቁ ባትሪ ሊሆን እንደሚችል፣ ለመመርመር ግን መኪናዋ መምጣት እንዳለባት ነገረችኝ። የምርመራው ዋጋ ብቻ በቂ ድንጋጤ ነበር። እንደ ልማዴ ከመወሰኔ በፊት ራሴ ልየው አልኩ። የሚገባውን ጥንቃቄ ሁሉ አደረግሁ፤ የትልቁን ባትሪ ኃይል የሚያቋርጠውን ሶኬት ነቀልኩ፣ ኃይሉ እስኪረግብ ጠበቅሁ፣ ወፍራም ጓንት አጠለቅሁ። ከዚያ ብርድ ልብሱን ገፍፌ የኋላውን ወንበር አነሳሁ። ያቺ እንደ ወንፊት የተበሳሳች ፕላስቲክ የአየር መግቢያ ነበረች። በውስጧ ባለው መንገድ ሄጄ ባትሪውን የሚያቀዘቅዘውን ማራገቢያ አገኘሁት። ፈታሁት።

ክንፎቹ በቀይ ብናኝ ተሞልተው ነበር። አፈር መስሎኝ ቆነጠርኩት፤ አፈር አልነበረም። ለስላሳ ነበር። ጥጥ መሰለኝ፤ ወደ ብርሃን አዙሬ ሳየው ነብር የተሳለበት የቀዩ ብርድ ልብስ ጠጉር መሆኑን ለየሁት። ሲያንኮራፋ የከረመው ትንፋሽ አጥቶ ነበር። ባትሪው ሁለት ዓመት ያህል በእናቴ አክብሮት ታፍኖ ነው የሞተው።

እናቴ የእጅ ውሃ ይዛ ከኋላዬ ቆማ ነበር።

«ምን አገኘህ?»

ብናኙን በመዳፌ ጨበጥኩት።

«አቧራ» አልኳት።

«ብዬ ነበር እኮ» አለች። «የዚህ አገር አቧራ ብረት ይበላል። ያ ብርድ ልብስ ባይኖርማ ደግሞ እንዴት በሆነች ነበር።»

ጠርጌ፣ አጽድቼ መለስኩት። መብራቱ ግን አልጠፋም። መኪናዋን በአይሱዙ ጭኜ ወደ አዲስ አበባ ወሰድኳት። በጋራዡ የተነገረኝ የባትሪው ዋጋ ለሱቁ የተጠራቀመውን ሁሉ ጠርጎ ወስዶ፣ ከዚያም በላይ የእህቴን ብዙ ወራት ይፈልግ ነበር። ስመለስ ወሬው ቀድሞኝ ከተማ ገብቷል። መናኸሪያው አጠገብ የሚቆሙት ሾፌሮች ሲያዩኝ፣ «ፕሮፌሰሩ መኪናዋን አስተምሮ አስመረቃት» ተባባሉ። ሌላው ቀበል አድርጎ፣ «በስልክ የተማረ በስልክ ይንዳ» አለ። የዚህ ሁሉ መነሻ በራሴ እጅ መሥራቴ እንደሆነ ማንም አልተጠራጠረም። እናቴም ጭምር። ነገሩን የተናገረችኝ በርኅራኄ ነበር፤ «የባለሙያ እጅ ሌላ ነው፣ ልጄ። አንተ ለእሷ ብለህ ነው፣ አላህ ልብህን ያያል።»

ያን ቀን ከመግሪብ በኋላ እህቴ ደወለች። እናቴ እንደ ወትሮዋ ስልኩን በጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፍ አደረገችው። በሌላ እጇ መቁጠሪያዋን ይዛለች።

«እሺ፣ ንገረኝ» አለች እህቴ። «ምን ሆና ነው የተበላሸችው?»

«ተይው ልጄ» አለች እናቴ። «ሆን ብሎ አይደለም።»

«እማ፣ እሱ ይንገረኝ።»

እውነቱን ለመናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይበቃ ነበር። ዓረፍተ ነገሩ ግን በእናቴ ጉልበት ላይ ነበር የሚወድቀው። በእጇ ያነጠፈችው፣ በእጇ የወተፈችው፣ ለልጇ ላብ ክብር ያወጣችው ብርድ ልብስ ልጇን ካለችበት እንዳስቀራት ብታውቅ፣ ከዚያ በኋላ በምን እጅ ትሰግዳለች? ደግሞም የምናገረው ሙሉ በሙሉ ሐሰት አልነበረም፤ ጋራዡ ቢያያት ኖሮ ያን ብርድ ልብስ በመጀመሪያው ቀን ያነሳው ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «የማላውቀውን ነክቼ ነው።»

ከወዲያ በኩል የሰሐን ድምፅ ተሰማ።

«እሺ» አለች በመጨረሻ። «አሠሪዬ ውሉን እንድፈርም ስትለምነኝ ከርማለች። ሁለት ዓመት ነው።»

«አረፋስ?» አለች እናቴ።

«አረፋ በየዓመቱ አለ፣ እማ።»

እናቴ መቁጠሪያውን አቆመች። እኔን አላየችኝም፤ ያላየችኝም እንዳታሳፍረኝ ብላ ነበር።

መኪናዋ አዲስ ባትሪ ገብቶላት ተመለሰች። በማግስቱ ጠዋት እናቴ ብርድ ልብሱን ታቅፋ ወጣች። አጥባ፣ ፀሐይ አስመትታ፣ ነብሩን አብርታዋለች። የኋላውን በር ከፈተች። ምክንያቱን ሳልነግራት ልከለክላት ይገባ ነበር፤ አፌ ላይ የመጣልኝም ጋራዡ ብቻ ነው።

«ጋራዡ ከልክሏል፣ እማ። ወንበሩ ላይ ምንም እንዳይነጠፍ ብለዋል።»

«እንግዳ በባዶ ወንበር? ሥርዓት የሌላቸው ሰዎች ናቸው?»

«ደንባቸው ነው።»

በሩ አጠገብ ትንሽ ቆመች። ብርድ ልብሱን አጣጥፋ ወደ ቤት መለሰችው።

ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ሰርቪስ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። እህቴ ያለ ጋራዡ እንዳላስነካት አስምላኛለች፤ እኔም የማልኩትን ለማፍረስ አልደፍርም፤ በእጄ መሥራት ከጀመርኩ ባትሪውን የገደለው እጄ እንዳልነበረ ማስረዳት ይመጣልና። በግቢያችን ጥላ ሥር በግማሽ ቀን የምጨርሰውን ሥራ፣ ሌሎች በጓንት ሲሠሩት በለስላሳው ወንበር ተቀምጬ እጠብቃለሁ። የዝምታዬን ዋጋ የምትከፍለው እሷ ናት። ይህን እያወቅሁ ሻዩን እጠጣለሁ።

ባለፈው ጊዜ እዚያው ተቀምጬ ሳለሁ ደወለች።

«የት ነህ?»

«ጋራዡ ነኝ፣ እታለም።»

«ጎበዝ። እጅህን ኪስህ ውስጥ አድርግ።»

«አድርጌያለሁ።»

ሳቀች፤ የድሮውን ያህል ባይሆንም። ከዚያ ድምፅዋን ቀነስ አደረገች።

«እማ ያን ባለ ነብሩን ብርድ ልብስ አልጋዬ ላይ አነጠፈችው አሉኝ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው። በየጁምዓው እያወጣች ታራግፈዋለች።»

«ገና ነኝ እኮ» አለች። «ለምን ከአሁኑ አነጠፈችው?»

ሠራተኛዋ መኪናዋ ተሠርታ እንዳለቀች በእጇ ምልክት ሰጠችኝ። እህቴ መልሴን እየጠበቀች ነበር። እንግዳ በባዶ መደብ አይቀመጥም፣ ልላት ፈለግሁ። እሷ ግን የቤቱ ልጅ እንጂ እንግዳ አልነበረችምና፣ ቃሉን ዋጥኩት።