ምላስ መርማሪው

በድርቁ ዘመን አሰበ ተፈሪ የነበርን ሠራተኞች ሁሉ የየራሳችን ከባድ ኃላፊነት ነበረብን። የእኔ ምላስ ማየት ነበር።

ጉግሳ እባላለሁ፤ ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁ ጤና ረዳት ነኝ። የእርዳታ እህል የሚያመላልሱ ሾፌሮች ጠጥተው ወይም ጫት ቅመው መሪ እንዳይጨብጡ፣ ሲወጡም ሲገቡም እንድፈትሻቸው ተብሎ የመኪናው ግቢ በር ላይ ተተከልኩ። መሣሪያ የለኝም። በአፍንጫዬ አረቄ አሸታለሁ፣ በዓይኔ አረንጓዴ ምላስ እፈልጋለሁ፣ ከዚያ በኖራ ባሰመርኩት መስመር ላይ አስኬዳቸዋለሁ። የመጀመሪያው ቀን አካሄዱን ላሳያቸው ብዬ ራሴ ከመስመሩ ወጥቼ በርሜል ላይ ወደቅሁ። የጠጣሁት ውሃ ብቻ ነበር፤ ማንም አላመነኝም።

ዓይኔን የጣልኩት ከሊል የሚባል ሾፌር ላይ ነበር። ሁለት ጊዜ ማታ ሲገባ ምላሱ አረንጓዴ ሆኖ ይዤዋለሁ። የግቢው ኃላፊ ጓድ ዘገየ «አንድ ጊዜ ቢደግመው ቁልፉን ያስረክባል» ብለዋል። ከሊል ሚስቱን ሞሚናንና ልጆቹን የሚያኖረው በዚያ ቁልፍ ነው። ይህን እያወቅሁ ሦስተኛውን ጊዜ በጉጉት እጠብቅ ነበር፤ ጎበዝ ተቆጣጣሪ መባል አምሮኝ።

አንድ ቀን ለቦርደዴ ክሊኒክ መድኃኒት እንዳደርስ ታዘዝኩና ጋቢና ውስጥ ከከሊል ጎን ተቀመጥኩ። ከከተማው እንደወጣን ጫት ሻጮች ወደ መኪናው ሮጡ። ከሊል ፍሬኑን ነካ ሲያደርግ አየሁት።

«ጋሽ ከሊል፣ እኔ እያለሁ አይሆንም» አልኩት።

«ኢሺ ዶክተር፣ አንተ ካልክ» ብሎ አለፈ። ዶክተር ሲለኝ ደስ ስለሚለኝ አላረምኩትም።

ስንሄድ ደህና ነበር። ስንመለስ አሰቦት ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ያዛጋ ጀመር። ሚኤሶን እንዳለፍን አገጩ ደረቱን ነካ፣ መኪናው ከመንገዱ ወጣ። ጮኽኩ። ነቅቶ አስተካከለና እንደገና አዛጋ። ወደ ከተማችን የሚያወጣው ጠመዝማዛ አቀበት ከነገደሉ ፊታችን ነው።

«እባክህ አቁምና ትንሽ ተኛ» ብዬ ለመንኩት።

«እንቅልፍ አይደለም ዶክተር፣ ሐራራ ነው። ጫት የለመደ ሰው ሲያጣው እንዲህ ነው። ተኝቼ ብነሳም ያው ነኝ።»

የፈራሁት ለነፍሴ ነው፤ ሕጉ ከአእምሮዬ ጠፋ። መንገድ ዳር ከነበረች ሻጭ ጫት የገዛሁት እኔው ነኝ። ከሊል ግን እጁን አልዘረጋም።

«ብቻዬን አልቅምም» አለ። «በኛ አገር ብቻ መቃም ነውር ነው። አንተም ትቅማለህ።»

ለክርክር ጊዜ አልነበረም። ቀንበጥ ቀንበጡን እየቀነጠስኩ አንዱን ለእሱ፣ አንዱን ለራሴ አጎረስኩ። የከሊል ዓይን በራ፣ መኪናው አቀበቱን ቀጥ ብሎ ወጣ። እኔም ምላሴ ተፈታ፤ ከልጅነቴ ጀምሬ እስከ ጓድ ዘገየ አፍንጫ ድረስ ያላወራሁት አልቀረም። ከተማው ዳር ስንደርስ ከሊል አቆመ። ሁለቴ ተይዞ ተምሯልና ከጀሪካኑ ውሃ ተጉመጠመጠ፣ ምላሱን በጨርቅ ፈገፈገ። እኔ ወሬዬን አላቋረጥኩም።

በሩ ላይ ጓድ ዘገየ ራሳቸው ቆመዋል። «በል ፈትሸው» አሉኝ። የከሊል ምላስ የሕፃን ምላስ መስሏል። «ንጹሕ ነው፣ ጓድ» ስል እሳቸው የሚያዩት የእኔን አፍ ነበር።

«አንተ ራስህ ምላስህን አውጣ።»

አወጣሁ። ሾፌሮቹ ተሰበሰቡ።

«በዚህ መኪና ውስጥ ማን ማን ነው የቃመው?»

ከሊል ቁልፉን ጨብጦ መሬት መሬቱን ያያል። ያ የጓጓሁለት ሦስተኛ ጊዜ መጥቶ እጄ ላይ ወድቋል፤ እውነቱን ብናገር ደግሞ የእኔ ጥፋት ይቀላል።

«እኔ ብቻ» አልኩ።

«ብቻህን?»

«ብቻዬን፣ ጓድ። ነውር መሆኑን አላወቅሁም።»

እዚያው ከፈታሽነቴ አነሱኝ፤ ቀድሞ ቁስል አጥብበት ወደነበረው ክፍል እንድመለስ አዘዙ። ከመሄዴ በፊት ግን ጣታቸውን ወደ ኖራው መስመር ቀሰሩ። ሾፌሮቹ በርሜሉን ቀድመው አሸሹልኝ። ገና በመጀመሪያው እርምጃ ከመስመሩ ወጣሁ። አፈርኩ፤ እንባዬም መጣ። ያኔ ከሊል ቁልፉን ኪሱ ከትቶ መጣና ክንዴን ይዞ ከዳር እስከ ዳር አብሮኝ ሄደ።

«ብቻህንማ ነውር ነው፣ ዶክተር» አለኝ በጆሮዬ።

«ዶክተር አይደለሁም፣ ጋሽ ከሊል» አልኩት። «ጤና ረዳት ነኝ።»